ከአውድማው ዳር የቀረ ጫማ

መምህር ቀለመወርቅ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው አውድማቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው፣ የቆዳ ጫማቸውን እንደተጫሙ፣ ስንዴው ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። ከአውድማው ዳር አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ከተማው ምርመራ አላስፈለገውም። ገዳዩ ጋሽ አገኘሁ ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆን! ሁለቱ ሽማግሌዎች በአብዮቱ ዘመን በሁለት ተፋላሚ ድርጅቶች የተሰለፉ ናቸው። እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም።

ኢንስፔክተር ምሥራቅም መጀመሪያ የያዘችው እሳቸውን ነው።

«ምን ነበር የሚያጣላችሁ?»

«ሁለታችንም የጭቁኑ መደብ ድርጅት እኛ ነን እንል ነበር» አሉ ጋሽ አገኘሁ። «እሱ የእኔን የንዑስ ከበርቴ ስብስብ ይለዋል። እኔም የእሱን።»

«ከመሪዎቻችሁ ውስጥ ገበሬ ነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አንድም አልነበረም፣ ልጄ።»

ምሥራቅ እግራቸውን አየች። ከስክስ ጫማ ነው። ያን ጊዜ ኮንጎው ትዝ አላት። በዚህ አገር ገበሬ እህል በጫማ አይረግጥም። የተቆጣ ገበሬም ቢሆን ያወልቃል።

የመምህሩን መሬት ለእኩል የሚያርሰው ዳምጤ ነው። የሟቹን መቃብር በባዶ እግሩ ሲቆፍር አገኘችው።

«ትናንት ከአውድማው መቼ ወጣህ?»

«ጀንበር ሳትጠልቅ። እሳቸው ሳይመጡ።»

«ጫማህን ትተህ?»

ዶማው ከእጁ ወደቀ።

«ለከርሞ መሬቱን ለሌላ አራሽ፣ ለይርዳው ሰጥቻለሁ አሉኝ። ልጆቼን ምን ላብላ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በጫማቸው እህሉ ላይ ወጡና ‹በል ስፈር› አሉ። መንሹ እጄ ላይ ነበር። በወጣትነታቸው መሬት ለአራሹ ብለው ታስረዋል። የታሰርኩት ላንተ ነው ይሉኝ ነበር።»

የምሥራቅም አባት ሲያርስ የኖረው ለእኩል ነው። ካቴናውን አስገባችለት። ገዳይ በመያዟ ደስታ አልተሰማትም፤ አፈረች።

ከተዝካሩ በኋላ በአውድማው ስታልፍ የሟቹን ልጅ ሰናይትን አየቻት። የዳምጤ ሚስት ፈትለወርቅ ልጆቿን ይዛ ከዳር ቆማለች።

«ድርሻችንን እንኳ ስጡን፣ እመቤቴ።»

«አባቴን የገደለ ሰው ድርሻ የለውም» አለች ሰናይት። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረች። «እንደ በፊቱ ነው፤ ለእኩል።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለ ይርዳው። ፈትለወርቅን ቀና ብሎ ሳያይ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። ከአውድማው ዳር ጎን ለጎን አስቀመጠና ገባ።