እንስራ ስንት ሊትር ይይዛል?

«ይደፋ ነው የምላችሁ! ይኼ ዱቄት የፈረንጅ መርዝ ነው!» ጋሽ መኳንንት ከዘራቸውን ጋኑ ላይ ቃጡ።

ብርቅዬ ማንኪያዋን እንደያዘች ክው አለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጣልያን በየካቲት ቤታቸውን ካቃጠለ ወዲህ ኮልፌ ዳር ባለው በዚህ በረት ሃያ ሰባት ነፍስ ታጭቋል። ያላቸው አንድ ጉድጓድ ነው፤ እሱም ተበክሎ ሕፃናቱን በተቅማጥ ይፈጃቸዋል። ሐኪም ቤት ይሠራ የነበረው ፈቀደ ወታደሮች ሳይወስዱት በፊት የውሃ ማጽጃ ዱቄትና ባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ሰጥቷት፣ «ለሠላሳ ሊትር አንድ ማንኪያ፤ አደራ!» ብሏት ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ ሊትር የተማረች እሷ ብቻ ናት።

አደራውን አልረሳችም። የገዛ እንስራዋን ብትለካ ዐሥር ጠርሙስ ያዘ። ሦስት እንስራ፣ ሠላሳ ሊትር፤ አለቀ። ሴቶቹ ሦስት እንስራ ጋኑ ውስጥ ሲገለብጡ እሷ አንድ ማንኪያ ትጨምራለች። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ትናንት የእትዬ እሙ ትልቋ ልጅ አበባ ሞተች።

ጋሽ መኳንንት እየተራገሙ ወደ በረቱ ሲገቡ፣ ዓይኗ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች የአንዷ፣ የእትዬ ዋጋነሽ፣ እንስራ ላይ ዐረፈ። ኧረ ጉድ! ከራሷ እንስራ አጠገብ ሲቆም እናትና ልጅ ይመስላሉ። እዚህ ሰፈር ውሃ የሚቆጠረው በእንስራ ነው፤ የማን እንስራ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እሷም ጭምር። ከጋኑ በጠርሙስ እየቀዳች ገለበጠችበት። ዐሥር ሲደርስ ገና ግማሽ ነው። ሃያ ላይ ሞላ።

የሌሎቹም ሴቶች እንስራ ያንኑ ያክላል። ሦስት ጊዜ ሃያ፣ ስድሳ። ማንኪያው ሁለት መሆን ነበረበት።

«አፈር በበላሁ!»

ማንም አላያትም። ዝም ብላ አንድ ማንኪያ ብትጨምርስ? ብትናገር ጋሽ መኳንንት «አላልኩም?» ብለው ዱቄቱን ከነጠርሙሱ ይጥሉታል። የእትዬ እሙን ፊት ደግሞ ማሰብ እንኳ አልቻለችም። ግን ነገ እሷም ብትታመም፣ ወይ እንደ ፈቀደ ብትወሰድ፣ ሴቶቹ ያንኑ ሦስት እንስራ ባንድ ማንኪያ ይቀጥላሉ።

በረቱ ገባች። እትዬ እሙ ትንሿን ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስተኝተዋል፤ የልጅቱ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ፣ ዱቄቱ መርዝ አይደለም። ያሳነስኩት እኔ ነኝ። በትንሿ እንስራዬ ለክቼ... ግማሹን ብቻ ነው የጨመርኩት።»

እትዬ እሙ ቀና ብለው አዩዋት።

«አበባዬ የጠጣችው ያንን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ጋሽ መኳንንት አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እትዬ እሙ በእጃቸው አስቆሟቸው። እንባቸው ልጅቱ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል።

«ላበባ አልደረስሽላትም» አሉ። «ለዚችኛዋ ድረሺላት። እነዋጋነሽንም አለካኩን አሳዪያቸው።»

ብርቅዬ ወደ ጋኑ ተመለሰች። ሴቶቹ እንስራ እንስራቸውን ይዘው ተከተሏት።