ወንፊት ያላሳለፈው ቃል

አስካለ ቁርስ ሳትቀምስ አርባ ሐሰተኛ ዘመዶችን አስወግዳለች። ምድርን በሕዋ በምትዞረው የአየር ጠባይ መከታተያ መርከብ ላይ ሥራዋ ይኸው ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሠራተኞቹ የሚመጣውን ጥሪ በወንፊት ማጥለል። ወንፊት የሚሏት መሣሪያ ሁለት መብራቶች አሏት። አንዱ ፊቱንና ድምፁን፣ ሌላው ቃሉን ይመረምራል። አረንጓዴ እውነት፣ ቀይ ሐሰት። አስካለ የሁለቱ ቀለም ሲለያይ አይታ አታውቅም፤ የሚዋሽ ሁሉ የሌላ ሰው ፊት ለብሶ ነውና።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ የዛሬው ጅብ ግን የዘመድ ፊት ለብሶ ነው የሚመጣው። ሌቦች ሰው ከለጠፋቸው ምስሎችና ድምፆች የሚሠሩትን ይህን አስመሳይ «ቅጂ» ይሉታል። ባለፈው ወር ባልደረባዋ ስንቅነሽ የወንድሟን ቅጂ አምና ሦስት ደቂቃ አወራችው። ፊትና ድምፅ ለመስረቅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ የስንቅነሽ ቅጂ ደውላ ልጆቿን ከቤት አስወጣቻቸው። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ አስካለ ጥሪ በሰማች ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል።

ያን ቀን የደወለው አጎቷ ጋሽ ደጉ ነበር።

«አስኩዬ፣ እናትሽ ትንሽ አሟታል። ለክፉ አይሰጣትም። ብቻ ዛሬ በሚወርደው መንኮራኩር ነይ።»

ጥድፊያ። ሌባ ሁሉ የሚጀምረው በማጣደፍ ነው። ደንቡ እንደሚያዘው ዘጋችውና በምታውቀው ቁጥር ራሷ መልሳ ደወለች፤ ፊቷን ግን ሸፈነች።

«ከእማዬ ጋር አገናኘኝ፣ ጋሼ።»

«ተኝታለች፤ አሁን አትቀስቀስ።»

ይኼም የሌባ መልስ ነው። የትም ያልተለጠፈ ነገር ጠየቀችው። «የዶሮ ቤቱን ማን ነበር ያቃጠለው?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ነኝ ብዬ አባትሽ ሦስት ወር አኮረፈኝ።»

ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ወንፊትን አየች። ፊቱ አረንጓዴ፣ ስለ እናቷ የተናገረው ቃል ቀይ።

«ተበላሽታለች» አለ የጥገና ሠራተኛው ሙክታር ከኋላዋ። «ዝጊው፣ ሁለት ደቂቃ አልፏል። ነገ በድምፅሽ እናትሽ ጋ ቢደውሉ የጠሯት ቦታ ትሄዳለች።»

ጣቷን መዝጊያው ላይ አሳረፈች። ሰውየው እውነተኛ፣ ቃሉ ሐሰት። ጋሽ ደጉ በእናቷ ነገር ምን ሊያገኝ ይዋሻታል?

ከዚያ ገባት፤ ምነው ቅጂ በሆነ ብላም ተመኘች። በአገሯ መርዶ በሩቅ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል» ተብሎ ይጠራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል፤ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ወንፊትን የሠሩት ሰዎች ሰው የሚዋሸው ለመስረቅ ብቻ መስሏቸው ነበር።

«ሰማሽኝ አስኩ?» የአጎቷ ድምፅ ሰለለ።

ፊቷን ገለጠች። ካለቀሰች ሽማግሌው መርዶውን ብቻውን፣ ሰማይ ላይ ላለች ብቸኛ ልጅ ሊነግር ነው።

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ትንሽ ካመማትማ መጥቼ ልያት» አለች ፈገግ ብላ። «ስትነቃ እየመጣች ነው በላት።»

«እሺ ልጄ» አለ ጋሽ ደጉ፤ «እላታለሁ።»