የወንፊት ፎቶ

«የሠርጉን ፎቶ አድርስ ተብዬ ነው» አለ ባለኮቱ ሰውዬ።

ክብሩ ከባንኮኒው ቀና አለ። የይለፍ ቃሉ ነው።

«ሙሽራዋ ከገሰራ ናት?»

«ከገሰራ።»

ፖስታው እጅ ለእጅ ተላለፈ። ውስጡ አንዲት ፍሎፒ አለች። ክብሩ ፎቶ አንሺ መስሎ ሮቤ ለስለላ ከተቀመጠ ወዲህ፣ አጋፋሪ የሚሉት አለቃው ራሱ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒውተር ሁሉ እምቢ አለው» አለ አጋፋሪ። «የድሮ ምስል ነው፤ ፒሲኤክስ ይሉታል። አዲሶቹ ፕሮግራሞች ትተውታል። አንተ ጋ ያ አሮጌ የኮምፒውተር ሳጥን አለ። የወንፊት መልክ እዚህ ውስጥ ነው።»

ወንፊት የአማፂያን መልእክተኛ የምስጢር ስም ነው። ወንፊት አንተ ነህ ተብሎ ጎባ የታሰረው ደግሞ ልብስ ሰፊው ጀሊል፣ የክብሩ ጎረቤት።

«ጀሊል ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ይፈታል! ምን ነካህ? ሳጥንህ እስኪሞቅ ሻይ ልጠጣ።»

ክብሩ አመነው። ማመን ፈልጎ ነበር። በዚህ ከተማ «አካም ቡልቴ፣ ክብሩ?» ብላ በየማለዳው ደኅንነቱን የምትጠይቀው የጀሊል ሚስት ሞሚና ብቻ ናት። እሷም እውነተኛ ስሙ ክብሩ መስሏት።

ሳጥኑ እያቃሰተ ተነሳ። ምስሉ መስመር በመስመር ወረደ። ግንባር። ዓይን። ጺም። ከግርጌው የመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና «ወንፊት» የሚል የእጅ ጽሕፈት።

ጀሊል አልነበረም።

በቅሎ ነጋዴው ጉርሜሳ ነበር። አገር ሙሉ ሰው ወጥቶ የቀበረው ጉርሜሳ።

ክብሩ ምስሉን የፎቶ ሥራውን ወደሚሠራበት አዲሱ ኮምፒውተር ቀዳው። የሙያ ልማድ ነው። አጋፋሪ ከሻይ ተመልሶ ምስሉን አየ።

«ደምስሰው።»

«ጀሊልስ?»

«ወንፊት ተያዘ ብለን ለበላይ ሪፖርት አድርገናል። ተሹሜበታለሁ። ለሞተ ሰው ብዬ ሹመቴን ልመልስ?»

ወሮበላ! እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት እውነትን ለመግደል ጥይት አያባክንም። የሚከፍተው መሣሪያ ያሳጣዋል፤ በቃ።

አጋፋሪ ፍሎፒዋን ኪሱ ከተተ። አሮጌውን ሳጥን አንስቶ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠው። ከዚያ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ዞረ። የፎቶ ማሳያውን ከፍቶ ያገላብጥ ጀመር።



ሙሽሮች። ተመራቂዎች። ባላ ዘንግ የያዙ የሼክ ሁሴን ተጓዦች።

ሌላ የለም።

«ንጹሕ ነህ» ብሎ ወጣ።

ደንቆሮ ሹም! ማሳያው የማያውቀውን ምስል ጭራሽ አይዘረዝርም። ጉርሜሳ ከሙሽሮቹ መሃል ተኝቶ ነበር። ሳጥኑን የሰበረ ሰው ደግሞ ዕውቀቱን የሰበረ መስሎታል። አሮጌው ፕሮግራም በሌላ ፍሎፒ ላይ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አዲሱም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

ክብሩ ፎቶውን በትልቁ አተመው። ሙሽሮች በሚለጠፉበት መስኮት ላይ ለጠፈው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያተኛው መስኮቱን ከበበ።

«ያ ረቢ! ይሄ ጉርሜሳ አይደለም እንዴ?»

«ወንፊት እሱ ነበር? የገዛ በቅሎው የምትጥለው ሰውዬ?»

ሳቁ ድንገት ተቋረጠ። ጀሊል የተከሰሰበትን ስም ሁሉም ያውቃል።

ሞሚና ሰው እየገፋች ገባች። ፎቶውን አይታ አለቀሰች። ከዚያ ማኅተሙን አየች።

«ይሄ ከየት መጣልህ?»

ክብሩ ኮቱን ከወንበሩ አነሳ።

«ከነሱ ነህ?»

«የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘሽ ጎባ ፍርድ ቤት ሂጂ። ቶሎ።»

«ቤቴ በልተሃል እኮ። ጀሊል ኮት ሰፍቶልሃል።»

«ቶሎ፣ ሞሚና!»

ፎቶውን ነጥላ ሄደች። ዞራ አላየችውም።

ክብሩ ሸሽቶ ዶዶላ ተደብቆ ሰነበተ። አንድ ቀን ከጎባ የመጣ ሾፌር ሻይ ቤቱን ሙሉ እያሳቀ ያወራል። «ልብስ ሰፊው ተፈታ! ያ ፎቶ አንሺ ግን ሰላይ ኖሯል። መንግሥትም ይፈልገዋል፣ ሕዝብም ይፈልገዋል። እንዲህ የተወደደ ሰው አይቼ አላውቅም!»

ክብሩም ከሰዎቹ ጋር ሳቀ። ከዚያ የሻሸመኔ መኪና ላይ ወጣ።

አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ቡልኳቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት።

«የየት አገር ሰው ነህ፣ ልጄ?»

እስከ ዛሬ ይህን የሚወስንለት መሥሪያ ቤቱ ነበር።

«ከወዲያ ነኝ፣ አባባ» አለ በእጁ ወደ ውጭ እያመለከተ።

አዛውንቱ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የሚታየው የስንዴ ማሳ ብቻ ነበር።