ከጨው ስር የወጡት ዛጎሎች

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ማመን የማይፈልግ ካለ ከአሁኑ ማንበቡን ይተወው፤ አልቀየምም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ዓመቱ በፈረንጆቹ 1994 ነው። ከተማው አስመራ።

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ።

አስመራን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ሰው ሁሉ ለምሳ ቤቱ ይገባል። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም።

ሣህሊቱ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የኤርትራ ነጻነት ሲታወጅ ከወላጆቼ ጋር አስመራ ገባሁና ጎዳይፍ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። የተማርኩት ስለ ጥንት ፍጥረታት ቅሪት ስለነበር በአንድ የምርምር ቤት ሥራ አገኘሁ። ቤተሰቡ በሙሉ በእኔ ደሞዝ ነበር የሚኖረው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከቀይ ባሕር ወለል ስር ተቆፍሮ የወጣ ጭቃ ይመጣልናል። በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት እናጥበዋለን። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አድርቀን በማይክሮስኮፕ ስናየው ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ዛጎሎች እናገኛለን። ሚሊዮን ዓመታት ያለፋቸው የባሕር ፍጥረታት ቤት ናቸው።

ወንፊቱ ከአንዱ ጭቃ ወደ ሌላው ሲዛወር ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ከድሮው ጭቃ የተረፈ ዛጎል ተጣብቆ ከቀረ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እንግዳ መሆኑ ይታወቃል፣ አይቆጠርም።

ዛጎሉን የምናነሳው ደግሞ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነው። ጫፉ እንዲሾልና እንዲረጥብ... ምላሳችን ላይ እናስነካዋለን። ክልክል ነው፤ ግን ሁሉም ያደርገዋል። አንዴ ከለመደ እጅ ራሱ ወደ አፍ ይሄዳል።

ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ከአለቃዬ ጋር የተጣላሁት ከጨው ስር በወጣ ጥቁር ጭቃ የተነሳ ነው። ቀይ ባሕር ስር ወፍራም የጨው ሽፋን አለ። ከእሱ በታች ያለው ጭቃ ባዶ ነው፣ ምንም አልኖረበትም ብሎ የጻፈው አለቃችን ዶክተር ሃብተማርያም ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አልለውም።

እኔ ግን ዛጎል አገኘሁበት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ክብ።

በሙያው ሰዎች ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ዶክተሩ ሁሌም እንደሚያደርገው ነጭ መሐረቡን ከንፈሩ ላይ ጫን አድርጎ ሰማኝ። እኔን ተጸይፎ ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ በሰው ሁሉ ፊት፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ...

"ወንፊትሽን አላጠብሽም" አለኝ።

ዛጎሉ ከሌላ ጭቃ ተርፎ የመጣ ነው ማለቱ ነው። በእኛ ሙያ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ግን ማንም ከጎኔ አልቆመም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። አጠገቤ የሚቀመጠው ክብሮም እንኳ ሻሂውን ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጠጣል። ከእኔ በፊት ወንበሬ ላይ ትበርህ የምትባል ሴት ነበረች። እሷም ከዚያው ጭቃ ዛጎል አገኘሁ ብላ ነው አሉ የተባረረችው። እንዴት እንደሄደች ክብሮምን ስጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ።

"አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የወጣችው።"

ለምን አልኩት። ተነስቶ ሄደ።

በመጨረሻ ዶክተሩ ፈተና አዘጋጀልኝ። ያው ጭቃ ያለበት የታሸገ ዕቃ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ወንፊት። የቀለሙ ጠርሙስ ከክፍሉ እንዲወጣ ተደረገ። ጠዋት እነሱ እያዩኝ አጥቤ አደረቅኩ። የቀረው መልቀም ነበር፤ እሱን በምሳ ሰዓት በር ተቆልፎብኝ ብቻዬን እንድሠራ ተወሰነ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ይፈርዳሉ።

አንድ ሰማያዊ ዛጎል ከተገኘ ተባርሬያለሁ። የሙያው ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥረኝ አይኖርም።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ የዶክተሩ ማኪና ድምፅ... ከዚያ ዝም።

አጥቤ ያደረቅኩትን በመልቀሚያዋ ጥቁር ትሪ ላይ በተንኩና ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግኩ።

ነበሩ። ነጫጭ ዛጎሎች፣ ብዙ። በደስታ እንባዬ መጣ።

ከዚያ አንድ ነገር ቅር አለኝ።

እነዚህ ዛጎሎች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው፤ አፍ እንላታለን። እንደ ተበተነ ምስር ነው የሚወድቁት። አንዱ በጎኑ፣ አንዱ ተደፍቶ።

የእነዚህ ግን የሁሉም አፍ ወደ ላይ ነበር።

ወደ እኔ።

ትሪዋን ነቀነቅኳት። ተገለባበጡ። እንደገና አየሁ...

ሁሉም ወደ ላይ።

"ደክሞሽ ነው" አልኩ ለራሴ። ብሩሹን ምላሴ ላይ አስነካሁና አንዱን አነሳሁ። ሁለተኛውን። እንደገና ወደ ምላሴ፣ እንደገና ወደ ትሪዋ።

ቀጣዩ ሰማያዊ ነበር።

ቀለም በሌለበት ክፍል፣ በአዲስ ወንፊት... ከየት መጣ?

በብሩሹ ልጠርገው ሞከርኩ። የነካሁት ሌላው ዛጎል ደግሞ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያም ከጎኑ ያለው።

ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ ሹክሹክታ የሰማሁት። በቁልፉ ቀዳዳ በኩል።

"ሓፍተይ..."

የሴት ድምፅ ነው፤ እህቴ ይለኛል። አልተንቀሳቀስኩም።

"ሓፍተይ... ብሩሹን ወደ አፍሽ አታስገቢ።"

"መን ኢኺ? ማን ነሽ?" አልኩ።

"ትበርህ።"

በሩ ድረስ ሄጄ ዝቅ አልኩ። በቀዳዳው የሚታየው የነጠላ ነጭ ብቻ ነው።

"ክፈቺልኝ" አልኳት።

"ቁልፍ የለኝም። ስሚኝ... ባዶ ነው በያቸው። ባዶ ነው ካልሽ ያጸዱሻል።"

"አልልም። አይቼዋለሁ።"

"እወ... አዎ፣ እኔም አልልም ብዬ ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ነጩ ነገር ከቀዳዳው ላይ ጠፋ። የእግር ኮቴ አልሰማሁም።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የቀትር ፀሐይ መስተዋቱን አብርታዋለች፤ ፊቴ ይታይበታል። አፌን ከፈትኩ።

ምላሴ ሰማያዊ ነበር።

ቀለሙ ከወንፊቱ አልነበረም የሚመጣው። ከእኔ ነበር።

በውሃ አሸሁት፣ በሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም። ጨው ጨው አለኝ። ከምላሴ ስር ደግሞ አንድ ደቃቅ ነገር... ቀስ ብሎ ዞረ።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ዶክተሩ ብቻውን ገባ። ትሪዋን አላያትም። ማይክሮስኮፑን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"አፍሽን ክፈቺ" አለኝ በሹክሹክታ።

ጥርሴን ገጠምኩ።

ፈገግ አለ። "ግድ የለም። እዚያ ውስጥ ትከፍቺዋለሽ።"

መሐረቡን ከንፈሩ ላይ ጫን አድርጎ ሲያነሳው አየሁት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረበት።

ወደ ስብሰባው ክፍል አስገባኝ። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ክብሮምም አለ። ትሪዋን መሐል ላይ አስቀመጥኳት። ማንም ጎንበስ ብሎ አላየም። ሁሉም የሚያዩት አፌን ነው።

"አለ ወይስ ባዶ ነው?" አለ ዶክተሩ።

አንድ ቃል ታድነኝ ነበር። ባዶ። ደሞዜ ይቀጥላል፣ ስሜ ይጸዳል፣ ምላሴም ምናልባት... ፈራሁ። ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠብኝ። በገዛ ዓይኔ ያየሁትን እንዴት የለም እላለሁ?

አፌን ከፈትኩ።

"አለ" አልኩ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ነጭ መሐረባቸውን አወጡና ከንፈራቸው ላይ ጫኑ። ክብሮምም ጭምር፤ የእሱም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር።

"ወንፊቷን አላጠበችም" አለ ዶክተሩ። አለቀ። የዛጎሎቹን ነገር ያነሳ ሰው የለም።

ስወጣ ክብሮም ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝና ነጠላዬን አቀበለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

"ተሸፈኚ... ሰው እንዳያይሽ።"

አፌን ሸፍኜ ወጣሁ።

ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አፏን በነጠላ ሸፍናለች። ስታየኝ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

"ምን አልሻቸው?"

ድምፁን አወቅኩት። የቁልፉ ቀዳዳ ድምፅ ነው።

"አለ አልኳቸው።"

ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው።

ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። በከንፈሯ ዙሪያ፣ እስከ ጉንጯ ድረስ፣ ነጫጭ ዛጎሎች ቆዳዋ ውስጥ ተሰክተው ነበር። የሁሉም አፍ ወደ እኔ ነው።

የጎዳይፍ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሰዎች ወደ እኛ እያዩ መውረድ ጀመሩ።

ዛጎሎቹ አፋቸውን... ሁሉም ባንድ ላይ... ዘጉ።