የታጠበው ጓንት

ጋሼ ቀስታ ኦክስጅን ማስገቢያው ሥር ሞቶ ተገኘ። ፊቱና ደረቱ ነዷል። ጣቶቹ አሁንም የጋዝ መክፈቻውን ቫልቭ እንደጨበጡ ናቸው።

ቀስታ ያሉት፣ ቫልቭ ሲከፍት እንደሱ የሚጠነቀቅ ስላልነበረ ነው።

ወሬውን ይዛ የፖሊስ መርማሪ ፋብሪካው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትገባ አጣቢዋ ሥራዋን ጥላ ወደ እሷ ሮጠች። ልጇ የምትሠራው እዚያው ቫልቭ ላይ ነው።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት» አለች መርማሪዋ። «ግን ከእኛ ጋር ትሄዳለች።»

ፋብሪካው ወፍራሙን ጥቁር ነዳጅ የሚያነደው በተራ አየር ሳይሆን በንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ጭሱም በቧንቧ ተይዞ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ኦክስጅን ባለበት ጠብታ ቅባት እሳት ነው። የቫልቭ ሠራተኞች ጓንት ነጭ የሆነው እድፉ እንዲታይ ነው።

«ቫልቩ ላይ ቅባት ነበር። ልጅዎ ፀጉሯን ትቀባለች?»

እናት መዳፏን በሽርጧ ጠረገች። ዛሬ ጠዋት በግድ የቀባቻት እሷው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ስትጠብቅ ኖራ፣ ክፉው በገዛ እጇ መጣ?

«ስንቴ ነግሬያት ነበር!» አለ ፎርማኑ ከበሩ ላይ።

ብቻዋን ስትቀር የልጇን ጓንት ልትደብቅ ቅርጫቱን በረበረች። እጇ እርጥብ ነገር ነካ። ጓንት ነው፤ የተጻፈበትን የሠራተኛ ቁጥር አየች። የፎርማኑ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው!

ገለበጠችው። ስፌቱ ውስጥ ጥቁር የማሽን ቅባት፣ ግራሶ፣ ተሸጉጧል።

«እትዬ፣ ጓንቴን ስጪኝ።»

ፎርማኑ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ገና አልታጠበም፣ ጌታዬ።»

«አጥቤዋለሁ እኮ!»

ተያዩ። ያመለጠው ቃል ለሁለቱም ገባቸው።

ወደ እሷ ተራመደ። የማጠቢያ ማሽኑ ያጓራል፤ ብትጮህም ማን ይሰማታል? እጇን ወደ ኋላ ልካ ማሽኑን አጠፋችው። ከዚያ ጮኸች።

መርማሪዋ ገና ከግቢው አልወጣችም ነበርና ጩኸቱን ሰምታ ደረሰች።

ቫልቩ ላይ የተገኘውም ሲመረመር ግራሶ እንጂ የፀጉር ቅባት አልነበረም።

«የጭስ መያዣው ሲበላሽብኝ ጭሱን በድብቅ ወደ ውጭ እለቀው ነበር» አለ ፎርማኑ። «ሽማግሌው ደረሰብኝ። ለተቆጣጣሪዎች እናገራለሁ አለ።»

«ልጅቷ ቀድማ ብትከፍተውስ ኖሮ?»

መርማሪዋ ይህን ጠይቃ እጆቹን በካቴና አሰረች።

ልጅቷ ተለቃ ቤት ገብታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ፀጉሬ ደርቋል፣ እማ። ቅቢኝ።»

እናት ጠርሙሱን አነሣች። መክደኛውን ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ አዞረችው።