በመጀመሪያው ጥሪ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ጭር ይላል፤ የበረኪና ሽታ፣ ከጣሪያው የሚያቃስት አሮጌ ማራገቢያና መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ቀንም ማታም አንድ ዓይነት የሆነ የአምፖል ብርሃን ብቻ ይቀራል። የካርድ ፍለጋውን ፕሮግራም የምትጠግነው ትርሲት ይህን ጭርታ ለምዳዋለች። ዛሬ ግን ነገሩ ሥራ ብቻ አልነበረም። አባቷ አቶ ወልደ ሰንበት ፎቅ ላይ ተኝተዋል፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና አለባቸው። ዱሮ ሊገድላቸው ደርሶ የነበረው ማደንዘዣ የትኛው እንደሆነ የተጻፈው በቀድሞ ካርዳቸው ላይ ነው፤ ካርዱ አለ፣ ፍለጋው ግን አላገኘውም።

ጣጣው የመጣው ከእዝባሯ ነው። ሰዉ «ወልደ»ን «ወ» ብሎ በእዝባር ያሳጥራል፤ ወ/ሰንበት፣ ገ/መድኅን። ያ ግትር ፕሮግራም ደግሞ እዝባሯን ከስሙ ጋር አይቆጥራትም፤ ትእዛዝ መስላው ይደናበርና ባዶ ገጽ ይመልሳል። መላው ቀላል ነበር። ትርሲት ከፊቷ ወደ ግራ ያጋደለች የተገላቢጦሽ እዝባር እንድትቀድም አደረገች፤ ይህም ፕሮግራሙን «ተራ ምልክት ናት፣ አትደንግጥ» እንደማለት ነው።

ችግሩ፣ ካርድ በተገኘ ቁጥር የተጠባባቂዎች አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ስሙን ይጠራል። ስለዚህ ትርሲት በሽተኛ በከንቱ እንዳታንከራትት ሁልጊዜ የምትሞክረው በሞቱ ሰዎች ካርድ ነው፤ የሞተ ቢጠሩት አይመጣ።

«ገ/መድኅን» ብላ ጻፈች። ካርዱ መጣ፣ ፎቶው ላይ «ሟች» የሚል ቀይ ማኅተም አለበት። ከግድግዳው ማዶ ማጉያው «ገብረ መድኅን» አለ።

«አቤት» አለ አንድ ሰው።

ብድግ ብላ በሩን ከፈተች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ዝናብ ሳይዘንብ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተታት። ተረኛዋ እትዬ ዘርትሁን ጥግ ላይ ዳንቴላቸውን ይሠራሉ።

«እትዬ፣ ሰው ገባ እንዴ?»

«ኧረ ማን ይገባል? በሩን የቆለፍኩት እኔው ነኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ድምፅ ሰማሽ አይደል? ልጄ፣ ባለቤቱን ለማታዪው ድምፅ አቤት እንዳትዪ። ሦስቴ እስኪጠራሽ ዝም ነው፤ ክፉ ነገር ሦስቴ አይጠራም፣ የመለሰለትን ግን ይዞ ይሄዳል።»

ትርሲት ልትስቅ ሞከረች። አባቷ ያሳደጓት እንዲያ አይደለም፤ ታላቅን ሁለቴ ማስጠራት ነውር ነው፣ ገና በመጀመሪያው «አቤት!» ካልተባለ አለንጋው ከግድግዳ ይወርድ ነበር።

ተመልሳ ሌላ ሟች ሞከረች። «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለ ማጉያው። «አቤት» የሚለው ድምፅ አሁን የመጣው ከኮሪደሩ ነው፣ አፉን አፈር የሞላው ሰው ሲናገር ዓይነት፤ ከኋላውም ባዶ እግር ሲሚንቶውን እየታከከ ሲሳብ ተሰማ፣ ትንሽ ይሳብና ቆም ይላል፣ እንደገና ይሳባል። ትርሲት በሩን ቆለፈች። ፈራች። ትታ እንዳትወጣ የአባቷ ካርድ ገና አልተፈለገም።

ከዚያ የባሰ ፍርሃት መጣባት። የሚመልሱት ሙታን ከሆኑ፣ አባቷ ቢመልሱስ? የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ቢሆንም «ወ/ሰንበት» ብላ ጻፈች።

«ወልደ ሰንበት» አለ ማጉያው።

እግሩም ቆመ። ጠበቀች፣ ማንም አልመለሰም። «ተመስገን! አባቴ አሉ!» ብላ አለቀሰች። የማደንዘዣው ስም ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ለሐኪሙ በስልኳ ላከችለት፣ «ደርሶኛል» አላት። አባቷ ተረፉ።

ፍለጋው ግን አልጨረሰም። የአባቷ ስም ከእሷም ስም ቀጥሎ እንደሚጻፍ ዘንግታው ነበር። ሁለተኛው ካርድ ከታች ብቅ አለ፤ የራሷ ፎቶ ነው፣ ቀይ ማኅተም የለበትም። እፎይ አለች።

«ትርሲት ወልደ ሰንበት» ተባለ። ድምፁ ከማጉያው አልነበረም፤ ከበሩ ማዶ፣ በጣም ከቅርብ፣ ዝግ ያለ የታላቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«አቤት!» አለች፣ በደንብ እንዳደገ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ጥሪ።