ያልተዘጋው አምባር

የብሩ አምባር አልቀላም። ቀጮ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። የጋዙን እሳት ትንሽ አስጠጋችው። አሁንም ያው ነው። መዳብ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ጫፎቹን የሚያጣብቀው ብየዳ ፈስሶ፣ እሷም እሳቱን አጥፍታ እፎይ ብላ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ቅላ እንጂ!» አለችው፣ እንደ ሰው።

ድንገት የአምባሩ ጫፎች እንደ መስታወት አብለጨለጩ። ደስ ብሏት ፈገግ ልትል ስትል ቀልጠው ዝርግፍ አሉ። ደንግጣ እሳቱን አጠፋች። መበየጃው ጡብ ላይ የቀረው ግማሽ አምባር ነው፤ ሌላው ግማሽ ታኝኮ እንደተተፋ ማስቲካ ተጨማዷል።

አምባሩ የአባቷ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ለእናቷ ብሎ ጀመረው። ቀጥቅጦ አጎበጠው፤ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ቅጠሎች አንድ በአንድ ቀረጸበት። የቀረው ሁለቱን ጫፎች መበየድ ብቻ ነበር። «ነገ እዘጋዋለሁ» ብሎ ወደ ቤት ገባ፤ በዚያው ደረቱን አሞት ሳይነሣ ቀረ።

አጎቷ አንጥረኛ ነው፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ከቀብሩ በኋላ «እኔ ልዝጋው» ቢል እናቷ እሺ አላለችም። «አባቷ ጀምሮታል፣ ልጁ ትጨርሰው» አለች። ስለዚህ ቀጮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ አጎቷ ሱቅ እየመጣች በመዳብ ስትለማመድ ከረመች። አጎቷ ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ብሩን እኔ በሌለሁበት እንዳትነኪ።»

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት እሱ ብር የሚያጸዳበት አሲድ ሊገዛ ወጣ። እሷ ደግሞ እናቷን ማስደነቅ አማራት።

አጎቷ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ የሆነውን አየ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ቀለሙን ጠበቅሽ አይደል?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጥፋቱ የኔም ነው። መዳብ ሲግል ያስታውቃል። ብር ግን በተለይ በዚህ ብርሃን ምንም ሳያሳይሽ ያመልጥሻል። ዓይንሽን ብየዳው ላይ አድርጊ ልልሽ ይገባ ነበር።»

«ጋሼ... ምን አደረግሁ?»

ያኔ እንባዋ መጣ። አጎቷ እስኪወጣላት ተዋት። ሲበቃት አምባሩን አንሥቶ ከሸክላው የብር ማቅለጫ ውስጥ አስገባው።

«ስሚኝ። አቅልጬ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። እኔና አባትሽ አንድ መዶሻ እየተቀማማን ነው ያደግነው፤ ቅጠሉን እንኳን እናትሽ፣ እሱ ራሱ ቢያየው የኔ ነው ይላል። ማክሰኞ ይደርሳል።»

«ለእማዬስ ምን እንላታለን?»

«ምንም። አንቺ ዘጋሽው፣ እሷ አጠለቀችው፣ አለቀ። ከሐዘኑ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት አሁን ገና እኮ ነው። በዚህ ላይ ይሄን ልትነግሪያት ነው?»

ለቀጮ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሣላት ያህል ሆነ። ማክሰኞ! ሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅም።

አጎቷ እሳቱን ለኮሰ። ቀጮ አጎንብሳ ማቅለጫው ውስጥ አየች። አሥራ አንድ ቅጠል ተርፏል። አንደኛው ዘመም ብሏል። አባቷ ያቺን ቅጠል ሲቀርጽ እሷ የሒሳብ አስተማሪዋን አረማመድ አስመስላ ስታሳየው በሳቅ ፈርሶ እጁ ስቶ ነበር። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ፣ ቀልደኛ!» ብሎ ሳያስተካክለው ተወው።

«ጋሼ፣ ሲቀልጥ እነዚህም ይጠፋሉ?»

«ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ብሩ ላይ አይታይም።»

«ይቺን የዘመመችዋንም ትሠራታለህ?»

«አጥብቄ ካየኋት እሠራታለሁ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን የእሱ አትሆንም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ቀጮ ጉጠቱን አንሥታ አምባሩን ከማቅለጫው አወጣችው።

«እሳቱን አጥፋው፣ ጋሼ። በቃ።»

«አስቢበት እንጂ። እናትሽ እንዲህ ሆኖ ብታየው ልቧ ይሰበራል።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ።»

አጎቷ ጋዙን ዘጋ። ሞረድ አነሣና የተጨማደደውን ጫፍ ሹል ሹሉን ሞረደው። «እጇን እንዳይቧጭራት» አለ፣ ቀና ሳይል።

እናቷ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። አረፋ እስከ ክርኗ ደርሷል። ቀጮን ስታይ ፊቷ በራ።

«ምነው ቶሎ መጣሽ? ጋሼ አባረረሽ እንዴ? ይበለው፣ ከአንቺ ጋር መዋል እኮ ቀላል አይደለም!» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች።

አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ቀጮ ሳቁን ስትሰማ ግቢው በር ላይ ቆመች። ዝም ብላ ወደ ቤት ብትገባ ማንም ምንም አይላትም። አጎቷም ገና ሱቁ ውስጥ ነው፤ ተመልሳ ብትሄድ ይሠራላታል።

እናቷ ስቃ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ባዶውን ባልዲ ገልብጣ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇንም አምባሩ ወዳለበት ኪሷ ሰደደች።

«እማዬ፣ እጅሽን አድርቂና ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»